የቆመ ሞተር ሲወድቅ ቤንዚኑን ማን ያየዋል?

ነሐሴ ነው። ጠዋት የጣለው ዝናብ የገርጂን ኮብልስቶን አርጥቦታል። እኔና ጓደኛዬ አንዲት የጀበና ቡና ሸራ ስር ቁጭ ብለን ቡናችንን እየጠበቅን ነው። አንድ የዴሊቨሪ ልጅ በሞተር ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ወረደና ከፊታችን ሊቆም ፍሬን ያዘ። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ አይበልጥም። እግሩን መሬት ላይ ሊያሳርፍ ሲል ድንጋዩ አንሸራተተው። ሞተሩ በግራ ጎኑ ቀስ ብሎ ተጋደመ።

ማንም አልተጎዳም። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው «አይዞህ!» አለ። ልጁ ተነሳና መጀመሪያ ያየው ስልኩን ነው፤ ስክሪኑ አልተሰነጠቀም። ቀጥሎ ስፖኪዮውን አየ። ከዚያ የምግብ ሳጥኑን። ሞተሩ ተጋድሞም ገና እየሠራ ነበር። ከስሩ አንድ ቀጭን ነገር በድንጋዮቹ መሃል እየወረደ ወደ እኛ ይመጣል። ውሃ መሰለን።

ውሃ እንዳልሆነ ቀድማ ያወቀችው ቡና የምታፈላው ልጅ ናት። ሽታው ነገራት። ጀበናውን አውርዳ ሳር ላይ አስቀመጠች፤ የከሰል ምድጃውን አንጠልጥላ ወደ ሽቅቡ ሮጠች። እየሮጠች ነው የጮኸችው፦

«ቤንዚን ነው! አንተ ልጅ፣ አጥፋው እንጂ!»

ያን ቀን ምንም አልነደደም። ስለዚህ ዜናም አልሆነም። ግን ከዚያ በኋላ የሞተር ልጆችን ሳይ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፤ ሞተር ሲወድቅ ስልኩን፣ ስፖኪዮውንና ፍሬቻውን ሁሉም ያያል። ቤንዚኑን ማን ያየዋል?

ቤንዚኑ በየት በኩል ነው የሚወጣው?

አዲስ አበባ ውስጥ የምናያቸው ብዙዎቹ የሥራ ሞተሮች ቤንዚን የሚያገኙት በካርቡሬተር ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ታንከሩ ከላይ ነው፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት በቱቦ ወርዶ ካርቡሬተሩ ስር ያለች ትንሽ ጽዋ ውስጥ ይገባል። ጽዋዋ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር አለ። የሽንት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ከፍታችሁ ካያችሁ ያችን የምትንሳፈፍ ኳስ ታውቋታላችሁ፤ ውሃው ሲሞላ እሷም ከፍ ትልና መግቢያውን ትዘጋለች። እዚህም እንደዚያው ነው። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና ጫፏ ሹል የሆነች መርፌ መግቢያውን ትደፍነዋለች።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። ሲጋደም ተንሳፋፊው ሥራውን መሥራት አይችልም፤ መርፌዋም አጥብቃ አትዘጋም። ጽዋዋ ውስጥ የነበረው ቤንዚን በማስተንፈሻ ቱቦዎቹ ይወጣል፤ ከታንከሩ ደግሞ ሌላ ይተካል። ታንከሩ ሙሉ ከሆነ ክዳኑ ላይ ካለችው የአየር ቀዳዳም ሊንጠባጠብ ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለዩልኝ። ሞተሩ ተጋድሞ እያለ የሚፈስ ቤንዚን የግድ የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ብዙ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሲተኛ ያፈሳል። ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ የሚቀጥል ፍሳሽ ግን ብልሽት ነው። የመጀመሪያውን አይቶ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ሁለተኛውን አይቶ መንዳት ደግሞ እብደት ነው። አደጋው ግን በሁለቱም ላይ አንድ ነው።

የሚነድደው ፈሳሹ ሳይሆን ከላዩ የሚነሳው ተን ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳን ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል፤ የእኛ የክረምት ብርድ ለሱ ሙቀት ነው። ተኑ ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ ተንኖ ቶሎ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ዝቅታው፣ ወደ ቦዩና ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። ፈሳሹ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ያለ እሳት ተኑን አግኝቶ ወደ ሞተሩ ሊመልሰው ይችላል። ምድጃዋን ወደ ሽቅብ ያሮጠችው ልጅ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችውም። ግን ትክክል ነበረች።

ስትወድቁ በየትኛው ቅደም ተከተል?

መጀመሪያ ራሳችሁን እዩ። እግር ሞተሩ ስር ከተያዘ ሌላው ሁሉ ይቆያል፤ ሰው ጥሩ።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፉ። በመሪው ቀኝ እጀታ ላይ ቀይ ማጥፊያ ካለው እሱን ተጫኑ፤ ከዚያ ቁልፉን። ተጋድሞ የሚሠራ ሞተር ጉዳቱ ሁለት ነው። የካንዴላው እሳትና የኋላው ጎማ ሽክርክሪት አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ዘይቱ ወደ ጎን ስለሚሸሽ ሞተሩ ያለ በቂ ዘይት ይፈጫል።

ሦስተኛ፣ እሳቱን አርቁ። ከሰል፣ ሲጋራ፣ የበቆሎ መጥበሻ፣ በየመንገዱ ዳር የማይጠፋው ሁሉ። «ሲጋራ ያለው ያጥፋ!» ብሎ መጮህ አያሳፍርም። ማታ ከሆነ ደግሞ «የት ነው የሚፈሰው?» ብሎ ላይተር ወይም ክብሪት የሚያበራ ሰው አይጠፋም። ስልክ በእጃችሁ አለ፤ ፍላሹን ራቅ ብላችሁ አብሩ።

አራተኛ፣ የቤንዚኑን መክፈቻ ዝጉ። ካርቡሬተር ባላቸው በርካታ ሞተሮች ላይ ከታንከሩ ስር ትንሽ እጀታ አለች፤ ሦስት ቦታ አላት፦ ክፍት፣ ዝግና ሪዘርቭ። ብዙ ልጆች ሪዘርቭን ብቻ ነው የሚያውቋት፤ ቤንዚን ሲያልቅ የምትዞር አድርገው። «ዝግ» የሚለውን ሞተሩን ከገዙበት ቀን ጀምሮ ያልነካ ብዙ ነው። ችግሩ፣ በብዙ ሞተሮች ላይ መክፈቻዋ በግራ በኩል ናት፤ ሞተሩ በግራ ከወደቀ ስሩ ትሆናለች። ያን ጊዜ እጃችሁን አታስገቡ፤ መጀመሪያ ይነሳ፣ እንደተነሳ ግን ከምንም በፊት እሷ ትዘጋ።

አምስተኛ፣ ለሁለት አንሱት። እነዚህ ሞተሮች ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ቤንዚን የነካው ኮብልስቶን ደግሞ ያንሸራትታል። ማርሽ ውስጥ ካለ ይሻላል፣ ሲነሳ አይንከባለልም። ማርሚታውን አትንኩ፣ ያቃጥላል።

ስድስተኛው ሁሉም የሚዘለው ነው፦ ጠብቁ። ሞተሩን ከፈሰሰው ቤንዚን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። የፈሰሰው ላይ አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር በትኑበት። ውሃ አትድፉበት፤ ቤንዚን ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ሌላ ቦታ ይደርሳል፤ እሳት ከተነሳም ውሃው እሳቱን ይዞት ይሄዳል። እሳት ከያዘ ራቁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ 939 ደውሉ። ሱሪያችሁ ወይም ጓንታችሁ ቤንዚን ከነካው ቀይሩት፣ ገላችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቤንዚን የጠጣ ጂንስ ለብሶ ሲጋራ መለኮስም፣ ቤት ገብቶ ስቶቭ ፊት መቆምም አንድ ነው።

የምግብ ሳጥኑስ? ቤንዚን ከነካው ወይም ሽታው ከገባበት ያ ምግብ አይበላም። ደንበኛው ይናደዳል፣ ልክ ነው። ቢሆንም ደውሎ መናገር ይሻላል።

ካልነሳላችሁ አትርገጡት

ወደ ገርጂው ልጅ ልመለስ። ሞተሩን አጠፋው፣ እኔና ጓደኛዬ አብረነው አነሳነው። ፍሳሹ ወዲያው ቆመ። ልጁ ስልኩን አየ፤ ትዕዛዙ እየዘገየ ነው። ዘሎ ወጣና መርገጥ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር ጊዜ። አይነሳም። በአሥራ ሁለተኛው ላይ ከካርቡሬተሩ ስር ባለው ቱቦ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ የተደራረቡት። አንደኛው፣ ሲወድቅ ቤንዚን ከልክ በላይ ወደ ሞተሩ ገብቷል፤ ካንዴላው ረጥቧል። እንዲህ ሲሆን ደጋግሞ መርገጥ ያብሰዋል። መክፈቻውን ዘግቶ፣ ቾኩን ሳይነኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ከዚያ ነዳጅ መስጫውን እስከመጨረሻው ከፍቶ ጥቂት ጊዜ መርገጥ ብዙ ጊዜ ያነሳዋል። ካንዴላ ነቅሎ እሳት መስጠት አለመስጠቱን መሞከር የለመደ ካለ፣ ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ ላይ ይህን አያድርግ። ሆን ብሎ ክብሪት እንደመጫር ነው።

ሁለተኛው ነገር መርፌዋ ነች። ታንከር ስር ዓመታት የተጠራቀመ ዝቃጭ አለ። ሞተሩ ሲጋደም ይበጠበጣል፣ ትንሽ ቅንጣት ወርዳ መርፌዋ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ትገባለች። መርፌዋ መዝጋት ያቅታታል፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎም ይፈሳል። አንዳንዴ ደግሞ ተንሳፋፊው ራሱ ተጣብቆ ይቀራል።

ጓደኛዬ ሞተር ይነዳል። መክፈቻውን ዘጋ። ከልጁ ካቻቪቴ ተቀበለና በፕላስቲክ እጀታው ጽዋዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረጋት። መክፈቻውን ከፈተው፤ ጠብታው የለም። ይህ ዘዴ የተጣበቀን ተንሳፋፊ ያላቅቃል፤ ቅንጣት ከሆነም አንዳንዴ ትለቃለች። ካልሆነ ጽዋዋ ተፈትታ መታጠብ አለባት። ያ የመካኒክ ሥራ ነው፤ የመንገድ ዳር ሥራ አይደለም።

ጠብታው የሚመጣው ከሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ መምታት ምንም አይፈይድም። ቱቦው ከአፉ ወጥቶ ይሆናል፤ ፋሸታው ላልቶ ይሆናል፤ ጎማው አርጅቶ ተሰንጥቆ ይሆናል። መክፈቻዋ ራሷ ተመትታ ተጣሞ ይሆናል። ታንከሩ ጎድጉዶ በብየዳው መስመር በኩል ያልብ ይሆናል። ጨርቅ ወስዳችሁ ሁሉንም አድርቁ፣ ከላይ ወደ ታች እዩ፤ መጀመሪያ የሚረጥበው ቦታ ምንጩ ነው። መክፈቻው ተዘግቶ የሚቆም ከሆነ ችግሩ ከመክፈቻው በታች ነው፤ ተዘግቶም የሚቀጥል ከሆነ መክፈቻው ላይ ወይም ታንከሩ ላይ ነው። በሁለቱም መንገድ ሞተሩ አይነዳም፤ ይገፋል ወይም ይጫናል። ሳሙና ለጥፎ፣ ማስቲካ አኝኮ ደፍኖ መሄድ የሚታይ ነገር ነው። ሳሙና ቢይዝም ለጊዜው ነው፤ ማስቲካን ቤንዚን ያሟሟዋል።

ኢንጄክሽን ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ሌላ ናቸው። በርካቶቹ መውደቃቸውን የሚያውቅ ሴንሰር አላቸው፤ ሞተሩንና የቤንዚኑን ፓምፕ ራሱ ያጠፋል። «ተበላሸ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ቁልፉን አጥፍቶ መልሶ መክፈት ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ግን ከመክፈታችሁ በፊት ቱቦውን እዩ። የነሱ ቤንዚን የሚሄደው በፓምፕ ግፊት ስለሆነ የተሰነጠቀ ቱቦ ካለ አያንጠባጥብም፣ ይረጫል።

አንድ የማይታይ ነገር ልጨምር። መርፌዋ በደንብ ካልዘጋች ቤንዚኑ ሁልጊዜ ወደ መሬት ላይፈስ ይችላል፤ ማታ ቆሞ ሲያድር ወደ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ጠዋት የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽቱ። ዘይቱ ከልኩ ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ እንዳታስነሱት። የቀጠነ ዘይት ሞተር ይበላል፤ መርፌዋ ትስተካከል፣ ዘይቱም ይቀየር።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ

«ኧረ ጠብ ጠብ ብትል ምን አለባት?» የሚል አይጠፋም። እሺ። በሰከንድ አንድ ጠብታ ትፈሳለች እንበል። የቤንዚን ጠብታ ከውሃ ጠብታ ስለምታንስ 40 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ይሞላል ብለን እንያዝ። በሰዓት 3,600 ጠብታ፣ ማለትም 90 ሚሊ ሊትር። ሞተሩ መክፈቻው ሳይዘጋ 8 ሰዓት ቆሞ ቢያድር 720 ሚሊ ሊትር። በ30 ሌሊት 21.6 ሊትር። 11 ሊትር የሚይዝ ታንከር ላለው ሞተር ይህ ወደ ሁለት ሙሉ ታንከር ነው። የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. በሊትር 100 ብርን አልፏል፤ በ100 ብር እንኳን ብናሰላው በወር 2,160 ብር መሬት ጠጣው ማለት ነው። እጀታዋን ወደ «ዝግ» ማዞር ግን በነፃ ነው።

ገንዘቡ ግን ትንሹ ነገር ነው። ሞተሩ የት ነው የሚያድረው? አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ከመንገድ ካገደች ወዲህ ከተማው ውስጥ የምናያቸው በአብዛኛው የእንጀራ ሞተሮች ናቸው። የእንጀራ ሞተር ውጭ አያድርም፤ ይሰረቃል። ግቢ ውስጥ፣ ኮሪደር ላይ፣ አንዳንዴ ባለቤቱ ከሚተኛበት ክፍል በር ስር ነው የሚቆመው። አምስት ተከራይ በሚኖርበት ግቢ አንዷ ጋር ከሰል አለ፣ አንዱ ጋር ስቶቭ አለ። በሰዓት 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን በዝግ ኮሪደር ውስጥ ሲተን ሂሳቡ በብር አይሠራም።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ኤክስተርናሊቲ የሚባል ነገር አለ። አንዱ የወሰነው ውሳኔ ዋጋው በውሳኔው ባልተካፈለ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ምሳሌው ሁልጊዜ ወንዝ የሚበክል ፋብሪካ ነበር። እኔ በትክክል የገባኝ ገርጂ ነው። ልጁ አሥር ደቂቃ ቢጠብቅ የሚከስረው እሱ ነው፤ ትዕዛዝ ያመልጠዋል፣ ደንበኛው ኮከብ ይቀንስበታል፣ የቀን ገቢው ይጎድላል። ሳይጠብቅ ቢነሳ ግን አደጋውን የሚካፈሉት ብዙ ናቸው፦ ቡና የምታፈላው ልጅ፣ እኛ፣ በሩ ላይ የሚያሳልፉት ጎረቤቶቹ። ስለዚህ ልጁን «ቸልተኛ» ብሎ መሳደብ ቀላል ቢሆንም ልክ አይደለም። የሚከፈለው በደረሰ ትዕዛዝ ብዛት ከሆነ ለመቸኮል ነው የሚከፈለው።

ስለዚህ የምለው ለሁለት ወገን ነው። ሞተር ላሠማሩ ድርጅቶች፦ ሞተር የወደቀበት ልጅ በአንድ መልዕክት «ወድቄያለሁ» ብሎ ትዕዛዙ ያለ ቅጣት ለሌላ የሚተላለፍበት መንገድ ይኑር። አሥር ደቂቃው ከልጁ ኪስ ብቻ አይውጣ። ለሞተር ልጆች ደግሞ፦ በቆማችሁ ቁጥር መክፈቻዋን ዝጉ፣ ልማድ ይሁን። ስትነሱ መክፈት ከረሳችሁ ጥቂት መንገድ ሄዳችሁ ሞተሩ ሊጠፋባችሁ ይችላልና ከመነሳታችሁ በፊት እጃችሁ እሷ ላይ ይረፍ። ቱቦና ፋሸታ ሲያረጅ አትጠብቁ፤ ሰርቪስ ስታስደርጉ አሳዩት።

ልጁ በመጨረሻ ጠበቀ። ቡናም ጠጣ፤ ሒሳቡን ጓደኛዬ ከፈለለት። ሞተሩ በሁለተኛው እርግጫ ተነሳ። ሊሄድ ሲል ወደ ልጅቷ ዞሮ «እህቴ፣ ይቅርታ አስደነገጥኩሽ» አላት። «እኔስ ደንግጬ ቀረሁ፤ አንተ ግን ዝጋው» አለችው።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ሄጄ ነበር። ምድጃዋን ከድሮው ቦታ አንስታ ወደ ሽቅቡ በኩል አዛውራዋለች። እዚያ ሸራው አይደርስም፤ ዝናብ ሲመጣ ከሰሉን በቆርቆሮ ትከልላለች። «ለምን አትመልሺውም?» አልኳት። ከሸራው ፊት ተደርድረው ወደቆሙት አራት ሞተሮች አየችና ጀበናዋን ማማሰሏን ቀጠለች።